ሰርግ ሊያስቀር የነበረው ሂስ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላሊበላ ውስጥ አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ የገጠመኝ ነው። እስከ ዛሬ አዲስ የግጥም መጽሐፍ እጄ በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ያን ጊዜ ከማስተማሩ ጎን ለጎን አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ መጽሔት ሂስ እጽፍ ነበር። የእኔ ድርሻ በትንንሽ ማተሚያ ቤቶች፣ በደራሲዎቹ ወጪ የሚወጡ የግጥምና የአጭር ልቦለድ መጻሕፍት ነበሩ።

አንድ ቀን ሞገስ የሚባል፣ ኮን ከተማ የሚኖር የግብርና ሠራተኛ ደሴ ያሳተመውን የግጥም መጽሐፍ ላከልኝ። አንብቤ የተሰማኝን ጻፍኩ፦ «ገጣሚው ገና አልበሰለም። ባይቸኩልና ሁለት ዓመት ያህል ቢቆይ ይሻለው ነበር።»

ሞገስ የመጽሐፉን ሽፋን መጽሔት ላይ ሲያይ ከደስታው ብዛት ከሥሩ የተጻፈውን እንኳ አላነበበም። እንዳለ ይዞት ላሊበላ መጣና ለእጮኛው አባት ለመሪጌታ ጥበቡ አበረከተላቸው። ሰርጉ ተቃርቦ ነበር። መሪጌታ ግን መጽሔቱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

በማግስቱ ሞገስ ፊቱ ጠቁሮ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«መምህር፣ እርስዎ ሁለት ዓመት ይቆይ ስላሉ ሰርጌ ቀረ» አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። ተያይዘን መሪጌታ ቤት ሄድን።

«ይህነን የጻፍኸው አንተ ነህ ወይ?» አሉኝ መጽሔቱን እያሳዩኝ።

«አዎ፣ የኔታ። ያልበሰለው ግን ግጥሙ ነው እንጂ ልጁማ ጨዋ ነው።»

«ግጥሙን የጻፈው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያስ?»

ግጥሙ ጥሩ ነው ብዬ እንዳልሸመጥጥ፣ የጻፍኩት እፊቴ ተዘርግቷል።

ይሄኔ እጮኛው እቴነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አባየ፣ ግጥሙስ መጥፎ ነው» አለች ረጋ ብላ። «አታሳትመው ብየው ነበር። የማገባው ግን እሱን እንጂ መጽሐፉን አይደለም።»

የእኔን ሂስ ከምንም ያልቆጠረው ሞገስ በዚህ አንገቱን ደፋ።

መሪጌታ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

«እሽ፣ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ሰርጉ ላይ ግጥም እንዳያነብ።»

ሰርጉ በቀጠሮው ቀን ተደገሰ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ሞገስ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ እቴነሽ ቀስ ብላ ያዘችው።

ዛሬም ሂስ እጽፋለሁ፤ የማምንበትን ከመናገርም አልተመለስኩም። ብቻ «አልበሰለም» ልል ስል፣ ደራሲው ማግባት አለማግባቱን አስቀድሜ አጠያይቃለሁ።