መረብ የሚል ወረቀት ይዤ ወደ ዓባይ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደሴ

ኅዳር ነው። የደሴ መናኸሪያ ገና ከጭጋጉ አልወጣም። በመካነ ሰላም ሚኒባስ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዣለሁ። በጉልበቶቼ መካከል ቁመቱ ትከሻዬ የሚደርስ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ አቁሜያለሁ፤ ውስጡ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አሉ። በደረት ኪሴ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት የማስገር ፈቃድ።

ደሴ ላይ ትንሽ የመነጽር ሱቅ አለችኝ። ሃያ ዓመት የሰው ዓይን ስለካ ስኖር እሑድ እሑድ ሐይቅ ወርጄ መንጠቆ መጣል ብቸኛ መዝናኛዬ ሆኖ ቆይቷል። የዓባይን አምባዛ ግን ሲወራ እሰማለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ዘንድሮ ሱቁን ለሦስት ቀን ለባለቤቴ ትቼ፣ መካነ ሰላም ላይ እንግዳ ወደ ወንዝ ልታወርድ ነው ከተባለች ዘሀራ ከምትባል ሴት ጋር በስልክ ቀን ቆረጥኩ። እሷ ደጋግማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ፈቃድ አውጥተዋል ወይ? አውጥቻለሁ አልኳት፣ በሙሉ ልብ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጉጉፍቱ

ብርድ። የታጨደ ገብስ፣ በየማሳው የተከመረ ነዶ፣ ባና የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ ጭጋግ ውስጥ ገብተው የሚጠፉ በጎች። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቧንቧዬን ሲያይ ራቅ ብሎ ቆመና ራሴው እንድከፍተው አዘዘኝ። ዘንጎቹን ሳወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ በዚህ ደጋ ላይ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አይተው አያውቁም። ፈቃዴን አውጥቼ ሰጠሁት። ማኅተሙን አየና መለሰልኝ። ደረቴን ነፍቼ ተሳፈርኩ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ አቀስታ

ትኩስ ፍርፍርና ሻይ። ከከተማው ስንወጣ ሹፌሩ በመንገዱ ዳር የቆሙትን አዳዲስ ቤቶች በአገጩ እያመለከተ ያስቆጥረናል። ይሄ የጅዳ ነው፣ ያኛው የኩዌት፣ ያ ጣሪያው ሰማያዊ የሆነው የሁለት እህትማማቾች። ከጎኔ የተቀመጡት እናት የራሳቸው ልጅ ሪያድ እንዳለች ነገሩኝ። ቤቱ ግን ገና ግድግዳ ላይ ነው አሉ፣ አልሐምዱሊላህም ጨመሩበት።

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፣ መካነ ሰላም

ዘሀራ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ በረባሶ ጫማ ያደረገች። ኦማን ባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሽማግሌው ዓርብ ዓርብ ሚስቱንና እሷን በጀልባ ይዞ ይወጣ ነበርና መንጠቆ መጣል የተማረችው ከዚያ ነው።

"እንኳን በሰላም ገቡ ጋሼ። መንገዱ አላደከመዎትም?" አለችና ሳልመልስላት እጇን ዘረጋች። "እስቲ ወረቀቱን ልየው።"

ቆማ አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው።

"ይሄ መረብ ነው የሚለው" አለችኝ። "ለንግድ ነው፣ በመረብ፣ ሐይቅ ላይ።"

ተቀብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። ቅጹን ስሞላ ከተዘረዘሩት የፈቃድ ዓይነቶች ከላይ ያለውን፣ ትልቁን መርጫለሁ፤ ትልቁ ትንሹን ያጠቃልላል ብዬ ነው። ለንግድ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝም በደንብ ሳልሰማ አዎ ብያለሁ። ሰው የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ እንዲያነብ መነጽር የምሠራው ሰውዬ የራሴን ወረቀት አላነበብኩትም። ያም ሆኖ ተከራከርኩ።

"መረብ የተፈቀደለት ሰው መንጠቆ ይከለከላል? በሬ የሰጠ በግ ይነፍጋል?"

"የሚነግሩት ለእኔ አይደለም፤ ወንዙ ዳር ላሉት መሪጌታ ነው። እሳቸው ደግሞ የተጻፈውን ነው የሚያነቡት።"

ሻይ ቤት ተቀምጠን ነገሩን ከሥሩ አጫወተችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ልክ እንደኔው መረብ የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ትልቁን ባሕር፣ ማለትም ወንዙ ሰፍቶ የሚጠልቅበትን ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር በመረብ ዘጉት። የአካባቢው ጎረምሶች ይህን አይተው ለእነሱ ከተፈቀደ እኛ ከማን እናንሳለን አሉ፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ላይ በተኑ። ብርብራ ዓሣን ያሰክራል፣ ከዚያም ይገድላል። በማግስቱ ውሃው በዓሣ ሆድ ነጭ ሆኖ ዋለ፤ ጣት የምታክለው ሳትቀር። የአካባቢው ሽማግሌዎች ጉባኤ ወንዙን ለሁሉም ዘጋ። ዘሀራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች ለመነቻቸው። በመጨረሻ አንድ እንግዳ ለሙከራ ፈቀዱላት። እንግዳው አንድ መንጠቆ ብቻ ይጥላል፤ ፈቃዱም ይህንኑ በግልጽ ይላል፤ ወረቀቱን ታች ባለው ደብር ያሉት መሪጌታ ያነቡታል።

"ያ አንዱ እንግዳ እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት

ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድን። የዓሣ ባለሙያው ጨዋ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን እጽፈዋለሁ፣ የሚፈርመው ግን ኃላፊው ነው አለን። ኃላፊው ጎረቤቱ ሞተውበት ለቅሶ ላይ ነው። ዘሀራም ወደዚያው ለቅሶ መድረስ ነበረባትና ተለየችኝ።

ብቻዬን ቆሜ ሳለ አንድ ባለ ባጃጅ ቀረበኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ወረቀት የማይጠየቅበት ሌላ ቁልቁለት አውቃለሁ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ላደርስዎት እችላለሁ አለኝ። ከሦስቱ ቀኖቼ አንዱ አልቋል። ኃላፊው ነገ ካልመጣ ዘንጎቼን ይዤ መመለሴ ነው። እሺ አልኩት።

ይህን ለዘሀራ ሳልነግር መሄድ ግን አልሆነልኝም። በዚያው ባጃጅ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሄጄ ከድንኳኑ ውጭ ጠራኋትና ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

"ይሂዱ ጋሼ" አለችኝ። "ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ታች ሲደርሱ ስሜን አያንሱ።"

ይህን ብላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። እኔ ደጅ ላይ ቀረሁ። ባጃጁ ጥግ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ሄጄ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይቅር አልኩት፤ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው ንፍሮ ዘገነልኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከደሴ፣ አልኩት። ስለ ወረቀት ትንፍሽ አላልኩም፤ ለቅሶ ቤት ነው። ሰውየው ሊነሳ ሲል ግን ዘሀራን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተ።

"ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ኑ" አለን። ኃላፊው እሱ ነበር።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

መብራት የለም፤ ስለዚህ ማተሚያው አይሠራም። ባለሙያው ፈቃዱን በእጁ ይጽፈዋል። ስም፣ ዓላማ፦ ለመዝናኛ። መሣሪያ፦ ዘንግ፣ አንድ መንጠቆ። ቦታ፦ ዓባይ፣ የባሕሩ ስምና ቀበሌው። መውሰድ የሚቻለው አንድ አምባዛ፤ ከክንድ ያጠረ ሁሉ በሕይወቱ ይመለሳል። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ እንዳነብለት አደረገኝ። አነበብኩ። ኃላፊው ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ፣ ዘሀራም ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ዓባይ

የጭነት አይሱዙ ላይ ተንጠልጥለን ወረድን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር። ደጋው ከኋላችን ቀረ፤ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ካልሲዬን። ግራር፣ ትኩስ ድንጋይ፣ የማሽላ አገዳ፣ ከታች ቡናማ ውሃ። ዘሀራ ቦታዬን በዱላዋ መስመር አስምራ አሳየችኝ። አዞ አለና ከመስመሩ ወደ ውሃው አልራመድም።

መሪጌታ ኅሩይ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሼህ ናቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ክንዳቸውን እስከ መጨረሻ ዘርግተው ያዙትና በቅዳሴ ድምፅ ያነቡት ጀመር፤ ሁሉም ሰማ። መረብ የሚል ቃል አልነበረበትም። ሲጨርሱ መንጠቆዬን ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አንድ ናት።

"ጣል" አሉኝ።

በበሶ ሊጥ ሁለት ነጭ ዓሣ ያዝኩ፤ ሁለቱም ከክንድ ያንሳሉ፣ መለስኳቸው። ከዚያ ዘሀራ መንጠቆዬ ላይ ጉበት ሰካችልኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክሩ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። ስስበው በሬ የጎተተኝ ያህል ነበር። እጄ ዛለ፤ ከመስመሩ ልወጣ ስል ዘሀራ ቀበቶዬን ከኋላ ይዛ አስቀረችኝ። ደክሞኝ ዘንጉን ያዢልኝ አልኳት።

"ወረቀቱ በስምዎ ነው" አለችኝ። "አብሽር ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ።"

ብቻዬን ጨረስኩት። ዳር ላይ የተኛው አምባዛ ርዝመቱ ከጉልበቴ እስከ መሬት ያለውን ያልፋል፣ ጺሙ እንደ ሽማግሌ። ሼሁ ቀረብ ብለው አዩትና ዱሮ እንዲህ ያለው ብዙ እንደነበር ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ትንሽ ተማከሩ። ዘሀራ ወደ እነሱ አታይም፤ ቢላዋዋን በአሸዋ ስታጥብ አንዱን ቦታ ደጋግማ ታሻዋለች።

መሪጌታ ተመልሰው መጡ። "ልጄ" አሏት። "ለጥር ሁለት እንግዳ አምጪ። አንብቤ አስገባቸዋለሁ።"

ዘሀራ የእጃቸውን ጀርባ ሳመች።

ዳገቱን ስንወጣ ግማሹ ላይ ቆመችና፣ ከኦማን ከተመለሰች ወዲህ አንድም ቀን መንጠቆ ጥላ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሌላው ተከልክሎ እሷ ብትጥል አገሩ ምን ይላት ነበር?

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ መካነ ሰላም

የደሴው ሚኒባስ እስኪሞላ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ማዶ ቆሟል። አምባዛው በጨው ታሽቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር አለ። መስኮቱን ሳወርድ ቢሮው በር ላይ ሰው ተሰልፎ አየሁ። ከሁሉ ፊት ዘሀራ ቆማለች። መታወቂያዋን በአንድ እጇ፣ ያልተሞላ የፈቃድ ቅጽ በሌላው ይዛለች፤ በከንፈሯ እያነበበች ነው፣ መስመር በመስመር፣ ሳትቸኩል።

ልጠራት አሰብኩና ተውኩት። በሩ ተከፈተ፣ ገባች።