ያልዘረጋሁት ግራ እግሬ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት አንድ ነጠላ ጫማ ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ስመለስ፣ ከታክሲ ወርጄ እስከ ብሎካችን በር ድረስ በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ባዶዬን ሄጃለሁ። ያወቅኩት ጎረቤቴ ዘሀራ የግራ እግሬን ጫማ ይዛ ከኋላዬ እየሮጠች ስትደርስብኝ ነው።

"አስኩ! ጫማሽን ጥለሽ የት ነው የምትሄጂው?"

"ውይ፣ ሐሳብ ነው" አልኳት።

"ምን ያለ ሐሳብ ነው ጫማ የሚያስጥል? ወላሂ ይሄ ጤና አይደለም!"

ሳቅኩባት። ዘሀራ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ሚኒባስ ይነዳል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። እኔ ልጅም ባልም የለኝም፣ ስኳር ነው ያለኝ። ከተገኘብኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሜትፎርሚን እውጣለሁ፣ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ በቃ የማውቀው ይህን ነበር። ኒውሮፓቲ የሚባለውን ነገር የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል ማለት ነው። እግሩ አለ፣ ይራመዳል፣ ግን ወሬ አያመጣም።

አሁን ስለ ጾሙ ልናገር፣ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ። አቃቂ ፈትል ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ጓደኞቼ በሙሉ ኦርቶዶክሶች ነበሩ። ይወዱኛል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ግን "የእናንተማ ጾም ምን አላት!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቀልድ ነው። እኔ ግን ቂም አድርጌ ያዝኩት፤ ጡረታ ወጥቼም አልለቀቀኝም። ስለዚህ የአጥቢያችን ቄስ አባ በመጀመሪያው እሑድ "መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይብላ፣ በሽተኛ አይጾምም" ሲሉ፣ ለሌላ ሰው የተነገረ አደረግኩት። ክኒኔን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋሁት። ይህ አልበቃኝ ብሎ ተሳልኩ፤ ዓርብ ዓርብ የመስቀል መንገድ ስንጸልይ፣ የጌታን ሕማም እያሰብን የምንቆምባቸውን ዐሥራ አራቱንም ምዕራፎች በባዶ እግሬ ልሄድ። ጸሎቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ መስቀል ከያዘው ሰው ቀጥሎ ከፊት ነው የምሄደው። ሰው ሁሉ እግሬን ያያል። እንዲያይልኝም ፈልጌ ነበር። እዚህ ላይ ከዋሸሁማ ምን ልሁን ብዬ እጽፋለሁ?

በአምስተኛው ዓርብ ከግቢው ወጥተን በኮብልስቶኑ መንገድ ዞርን። ፀሐይዋ ድንጋዩን አግላዋለች። ስስ ጫማ ያደረጉት ሴቶች እንኳ "ኧረ ይፋጃል!" ይላሉ። እኔን አልፈጀኝም። ምንም። ተመስገን አልኩ። ጌታ ስቃዩን አነሳልኝ ብዬ እንባዬ መጣ። ሞኝ!

እቤቴ ገብቼ ትንሽ አረፍኩና ዳቦ ልገዛ ስወርድ ደረጃው ላይ የደም ጠብታ አየሁ። በየደረጃው አለ፣ እስከ ታች። "በጾም ማነው ደግሞ ዶሮ ያረደው?" ብዬ ተናደድኩ። የዘሀራን በር ቀና ብዬ ገላመጥኩት፤ ለእኛ ጾም ትንሽ እንኳ አያፍሩም ብዬ በልቤ ሰደብኳት። ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ጠብታውን ተከትዬ ወጣሁ። ያበቃው በእሷ በር ላይ አይደለም። በእኔ በር ላይ ነው።

የጠርሙስ ስባሪ ነበር፣ ከአውራ ጣቴ ሥር። በወረንጦ አወጣሁት። አላመመኝም። በጨው ውሃ አጠብኩ፣ ፌጦ ወቅጬ አሰርኩበት፣ ካልሲ ደረብኩ። ጤና ጣቢያ አልሄድኩም። የጤና ጣቢያው ነርስ ጽጌ የአጥቢያችን ምእመን ናት፤ ብታየኝ "ጫማ አድርጊ፣ ቁርስ ብዪ" ትለኛለች፣ ስለቱም ይፈርሳል። በሚቀጥሉት ዓርቦች በፕላስተር ለጥፌው ወጣሁ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ቀን አባ የዐሥራ ሁለት ምእመናን እግር ያጥባሉ። በዚያ ዓመት እኔም ተመረጥኩ፤ ጽጌም ተመርጣ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። የቁስሉ ጠርዝ ጠቁሯል። ይሸታል። ጠዋት ሽቶ ረጭቼበታለሁ። አባ ሳፋውን ይዘው ከፊቴ ተንበረከኩ። ቀኝ እግሬን ዘረጋሁ። ግራውን ወደ አግዳሚው ሥር ሳብኩት።

"ሌላውስ?" አሉኝ።

"አንዱ ይበቃል አባ።"

ትሕትና መሰላቸው። ፈገግ ብለው ወደ ጽጌ አለፉ።

ያቺን ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩባት! ነርስ ከጎኔ ነበረች። ካህን ከፊቴ ተንበርክኮ ነበር። ውሃ ነበር። ፎጣ ነበር። ካልሲዬን አላወለቅኩም።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ባዶ እግሬን ወጣሁ። አባ በማይክራፎን "እናንተ ወጣቶች፣ የእኅታችሁን የአስካለን እግር እዩ!" አሉ። ሁሉም አየ። ከላይ።

ቅዳሜ ተኛሁ። ትኩሳት። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ወባ መሰለኝ። ከሰዓት ዘሀራ ለበዓሉ ብላ እንቁላል ይዛልኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ መጥታ ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

"ያ አላህ! አስኩ፣ እግርሽን ምን አደረግሽው?"

ባሏ ተሳፋሪ አውርዶ መጣ። አራቱን ፎቅ በጀርባው ተሸክሞ አወረደኝ። በልቤ የሰደብኳት ሴት ከኋላ እግሬን በሁለት እጇ ደግፋ ትወርድ ነበር።

ሆስፒታል። የስኳር መለኪያው ቁጥር አልሰጥ አለ፤ ከሚለካው በላይ ሆኗል። ኢንሱሊን። አንቲባዮቲክ በደም ሥር። ኤክስሬይ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እናቴ፣ ጋንግሪን ነው፤ ሥጋው ሞቷል። አጥንት ውስጥ ገብቷል። ጣቶቹን እስከ እግርዎ መሃል ድረስ መቁረጥ አለብን። ተረከዙን ለማትረፍ እሞክራለሁ። ካልሆነ ከጉልበት በታች ይሆናል።"

"መቼ?"

"ነገ ጠዋት።"

ነገ ትንሣኤ ነው። ፈረምኩ።

"የተወጉ ዕለት መጥተው ቢሆን አጥበን፣ መድኃኒት ሰጥተን ነበር የምንሸኝዎት" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስነቃ ከብርድ ልብሱ ሥር ግራ እግሬ አጥሯል። ተረከዜ ተርፏል። አገሩ እየፈሰከ ነው፤ ከኮሪደሩ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። አልጸለይኩም።

በሦስተኛው ቀን አባ ቅዱስ ቁርባን ይዘው መጡ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

"አስካለ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም? ስኳር እንዳለብኝ ያውቃሉ። ሰው ሁሉ እዩ ያሉትን እግር እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?"

ቁርባኑን እንደያዙ ሄዱ። ደግ ንግግር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም አልጸጸትም።

ማገገሙ ረጅም ነበር፣ እንደ ሕመሙ በአጭሩ የሚነገር አይደለም። ቁስሉ እስኪዘጋ ጽጌ በየሁለት ቀኑ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትጠርግልኝ ነበር፣ አንድም ቀን "ምነው ያኔ" ሳትለኝ፣ ጨርሳም ሻይ ሳትጠጣ ትሄድ ነበር። ለቀጠሮ ስወርድ አራቱን ፎቅ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ነው የምወርደው፤ ስወጣም እንደዚያው፣ እጄ እየተላጠ፤ ዘሀራ ከኋላዬ ሆና "አይዞሽ አስኩ፣ ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም" እያለች ታስቀኛለች፤ ብሎካችን ሊፍት ኖሮት አያውቅም። ከፊት በስፖንጅ የተሞላ ጫማ ተሠራልኝና በከዘራ እስከ አስፋልቱ መድረስ ስችል ክረምቱ ወጥቶ ነበር። የኢንሱሊን መርፌውን ራሴ መውጋት ለመድኩ። ተመስገን የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ሰው "እንኳን ተረፍሽ፣ ተመስገን በዪ" ሲለኝ ወሬ እለውጣለሁ። ያን ቃል በጋለው ድንጋይ ላይ ቆሜ ብዬው ነበርና።

ስኳር ያለባችሁ፣ በተለይ እንደኔ ጾም የምትወዱ፣ ስሙኝ። ያልተሰማችሁ ሕመም ጸጋ አይደለም፤ ሂዱና ለሐኪም ንገሩ። ትንሽ መስታወት ወለል ላይ አድርጉና የእግራችሁን ሥር በየቀኑ እዩ፤ ዓይናችሁ ከደከመ ጎረቤት ጥሩ፣ ሃይማኖቱን አትጠይቁ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉ፤ ባዶ እግራችሁን እቤት ውስጥም እንዳትሄዱ። ክትትል ስትሄዱ ሐኪሙ እግራችሁን ካላየ ራሳችሁ ካልሲያችሁን አውልቁ። በጾም መድኃኒት የሚወሰድበትንና ምግብ የሚበላበትን ሰዓት ሐኪም ይወስን። ሰውን ለማሳፈር የተጾመ ጾም ደግሞ ጾም አይደለም፣ እኔን አይታችሁ እመኑ።

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ መርፌዬን ተወግቼ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በላሁ። አንዳንድ ሴቶች አዩኝና ዓይናቸውን ሰበሩ። ይስበሩ! ጸሎቱን አሁን ሌላ ሰው ይመራል። ከሕማማት በፊት አባ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ እንድሆን ለመኑኝ። አይሆንም አልኩ። ሌላ ቀን ተመልሰው መጡ። አሁንም አይሆንም አልኩ።

ሐሙስ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ይቅር ብያቸው አይደለም። ጽጌ ከጎኗ ቦታ አስለቀቀችልኝ። አባ ከፊቴ ተንበረከኩና እጃቸውን ለቀኝ እግሬ ዘረጉ።

"ግራውን" አልኳቸው።

ጫማውን ፈታሁ። ካልሲውን አወለቅኩ። ከኋላ አንዲት ሴት "ውይ!" ስትል ሰማሁ። አባ ክንዳቸውን ነክረው የውሃውን ሙቀት ለኩ፤ ይህን ጽጌ ሳትነግራቸው አትቀርም። ግማሽ እግሬን ሳፋው ውስጥ አስገብተው አጠቡ። እኔ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ አልተሰማኝም። በፎጣ አደረቁት። ከዚያ አልለቀቁትም፤ ቀና አድርገው ይዘው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩት። ቆይተው አዩት።

"ቁስል የለም፣ አስካለ" አሉኝ ቀስ ብለው።

ጎንበስ ብዬ እኔም አየሁት። የለም።

"ተመስገን" አልኩ።