ሽማግሌው ያላመጡት ወሬ

ሰመራ አዳራሽ ውስጥ የተጨበጨበው ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጨዋ ሆኜ ልጻፈው ብል እንኳ እጄ እሺ አይለኝም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አዋሽ ሰባት ኪሎ ሱቅ ከፈቱ፤ እኔ አፋርኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለመድኩት። ስለ መጪው ዘመን ቴክኖሎጂና ኅብረተሰቡ አደጋን ስለሚቋቋምበት አቅም የሚያጠኑ ሰዎች ሰመራ ላይ ስብሰባ ሲጠሩ፣ መኪናቸው እኔን ከአዋሽ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከአዳይቱ ይዞ ይሄዳል። አባ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸው ግን ወላሂ አያርፍም። «ይቺ የወሎ ልጅ ዛሬም ባል አላገኘችም?» እያሉ ነው መኪና ውስጥ የሚገቡት።

በአዋሽ ወንዝ ዳር አባን የማያውቅ የለም። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ምን አየህ፣ ከማን ሰማህ፣ ሣሩ የት ነው፣ ውሃው እንዴት ነው ይባባላል። ሐሰት ያወራ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንጂ ጆሮ አያገኝም። አባ «ውሃ መጥቷል፣ ተነሱ» ካሉ ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አጥኚዎቹ የአባን ድምፅ ግማሽ ቀን ሙሉ ቀዱ። ለቋንቋ ጥናት ነው አሉን።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንደገና ተጠራን። አባ መኪና ውስጥ ሲገቡ ስለ ባል አልጠየቁኝም።

«ምነው አባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ልጄ፣ ሰው ሰላም ይለኛል፤ ዳጉ ግን አይጠይቀኝም። ምን አጥፍቼ ይሆን?»

አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ የሚባለውን በጆሯቸው አስተረጉማለሁ። አጥኚው ተነስቶ ውጤቱን ማቅረብ ጀመረ። ሰዉ የሚያምነውን ሰው ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስለን ሠራን አለ። ከዚያ ወደ ነዋሪው ስልክ እየደወልን፣ ከላይ ከግድቡ ውሃ ተለቋልና የወንዙን ዳር ልቀቁ አልን፤ ሐሰተኛ መረጃን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ ለመለካት ነው፤ ሁሉም አመኑ፣ ሁሉም ለቀቁ አለ። ከዚያ ድምፁን ለአዳራሹ አሰማ። የአባ ድምፅ ነው፣ ሳላቸው እንኳ አልቀረም። አዳራሹ አጨበጨበ።

ይህን ነው እንግዲህ እኔ በአፌ ጆሯቸው ውስጥ የምጨምረው! አባ አልጮሁም። «በዚያ ፀሐይ ሰው ያስነሳሁት እኔ ነኛ?» ብቻ አሉ።

እኔ ግን ብድግ አልኩ። «አላህን አትፈሩም? ሴቱ ሕፃን አዝሎ፣ ግልገሉ በሙቀት እየወደቀ ሲሰደድ እናንተ ትለኩ ነበር? ባለ ድምፁ እኮ እኚህ፣ ፊታችሁ የተቀመጡት ናቸው!»

አጥኚው ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ስሜታዊ አንሁን። ስማቸውን እኮ አልጠቀስንም።»

ስማቸውን አልጠቀስንም! ድምፃቸውን ዘርፎ ስማቸውን ተወላቸውና ሊመሰገን ነው። በዚያ ዳርቻ ሰው አምኖ የሚነሳለት አንድ ቃል ነበር፤ እሱን አፍርሰው ስለ መቋቋም አቅም ያወሩልኛል። ቢያንስ ለሕዝቡ እውነቱን ንገሩ ብል፣ ሪፖርቱ ሳይጸድቅ አይቻልም አለኝ። ከዚያ ለሻይ ወጡና ለሳምቡሳ ተሰለፉ።

ስንመለስ አዳይቱ ሳንደርስ አባ መኪናውን አስቆሙ። ግመል የሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ ሄደን ተቀመጥን። አባ ሁሉን ነገሯቸው። «ማን ሰማ?» ሲሏቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ እኔም የሰማሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ማመኑንስ አመኑን። ነገር ግን አንደኛው ስልኩን ከሽርጡ አውጥቶ እያገላበጠ፣ «ታዲያ ነገ ውሃው የእውነት ቢመጣና ቢደወልልን፣ እርስዎ መሆንዎን በምን እናውቃለን?» አለ።



«በእግሬ እመጣለሁ» አሉ አባ። «እኔን በዓይናችሁ ሳታዩ ድምፄን እንዳታምኑ።»

ከመኪናው እኮ ደግፌ ነው ያወረድኳቸው።