ወንዝ ሲሻገሩ ስም ይጠየቃል

ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ወርጄ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጥንታዊ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄድኩ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ወንዙ ሞልቷል። እንግዳ የሚያሻግሩት የመንደሩ ዋናተኞች ናቸው። አንዱ ጎልማሳ ወገቤን በገመድ እያሰረ፣ "እትዬ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?" አለኝ።

"ምነው፣ ልታገባኝ ነው?"

"ካልነገሩኝ አላሻግርም።"

የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው አይሰጥም፤ መተት የሚሠራው በሱ ነው። ስለዚህ የጎረቤቴን ስም፣ "ወለተ ሥላሴ" ብዬ ሰጠሁት። እሱም ዳር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ለሚደግሙት ቄስ ጮክ ብሎ ነገራቸው።

መሀል ስንደርስ ውሃው ደረቴ ላይ ወጣ፤ እግሬም መሬት አጣ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ "ለመሆኑ ስሜ ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"ውሃው የወሰደዎ እንደሆነ፣ አባ በማን ስም ፍትሐት ያድርሱልዎ?"

እኔ ልሰጥም፣ ጸሎቱ ቤቷ ለተቀመጠችው ጎረቤቴ ሊደርስ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፦

"አባ! ወለተ ማርያም ነኝ! ወለተ ማርያም!"

ቄሱ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

"አሁን ያዝኩት ልጄ። ዳር ላይ የሚነገረኝን ስም መያዝ ከተውኩ ቆየሁ።"