ሰው የሌለበት የኮርንዎል ፎቶ

ባለፈው እሁድ ጠዋት... ሰው ደስ ላሰኝ ብዬ ወጥቼ ሰው ልገድል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮለምበስ አጠገብ ግሮቭፖርት ያለ ዌርሃውስ ነው የምሰራው፤ ካሜራ ግን ነፍሴ ነው። ዘንድሮ ቬኬሽኔን ጠራርጌ ወሰድኩና ኮርንዎል ሄድኩ። ኮርንዎል ማለት እንግሊዝ ጫፍ ላይ ያለ፣ በሶስት ጎን ባህር የከበበው አገር ነው። ፎቶ ለሚወድ ሰው ሌላ ገነት አያስፈልገውም።

ልሄድ ስል አብረውኝ የሚሰሩት እትዬ አስካለ ጠሩኝ። አንድያ ልጃቸው ሜሮን እዚያው ኮርንዎል ሆቴል ውስጥ ትሰራለች። የእትዬ ወረቀት ገና ፕሮሰስ ላይ ስለሆነ ከአሜሪካ መውጣት አይችሉም። ከልጃቸው ጋር ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል። በስልክ ሲያወሩ እሷ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለው፣ እናት ደግሞ «ደህና ነኝ»ን አታምንም። እጄን ይዘው «ልጄ ያለችበትን አገር አንስተህ አምጣልኝ» አሉኝ።

አነሳሁ። ሜሮን ኦፍ ወስዳ በመኪናዋ አዞረችኝ። ገደል አፋፍ ላይ የቀረ የድሮ የማዕድን ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ማዕበል የሚመታው የአሳ አጥማጆች መንደር፣ ባህሩ ሲሸሽ በእግር የሚኬድበት ደሴት... ምን ያላነሳሁት አለ።

ስመለስ ምርጡን ትልቅ አድርጌ አሳተምኩና ፍሬም ውስጥ አስገባሁት። ሰርፕራይዝ እንዲሆን ብዬ ኮል አላደረግኩም። እሁድ ቤተክርስቲያን ስንሄድ በዚያው አድርሰንላቸው እንለፍ ተባባልን። ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳለች። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ መኮንንም አብረውን ነበሩ፣ እሁድ እሁድ ራይድ የምንሰጣቸው እኛ ነን። ፍሬሙን እንዳይቧጨር በነጭ አንሶላ ጠቅልዬዋለሁ።

እስቲ አሁን ይሄን በእትዬ አስካለ ዓይን እዩት... በደንብ ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሲከፍቱ የእድሩ ሊቀመንበር ቆመዋል። አጠገባቸው ነጠላ የለበሰች ሴት። ከኋላ ደግሞ ሰሞኑን ልጃቸው ካለችበት አገር የተመለስኩት እኔ፣ ትልቅ ፍሬም በአንሶላ ጠቅልዬ።

ሀበሻ መርዶ የሚያረዳው ልክ እንደዚህ ነው። ለኔ ግን ይሄ የታየኝ በኋላ ነው።

እትዬ ጋሼን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፍሬሙን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጋሼ መኮንን ደግሞ ሲፈጥራቸው ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ለእትዬ ጉልበት አዝነው ነው መሰለኝ «አስካለ... እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሏቸው።

አለቀ።

«ልጄን ምን አደረጋችኋት» አሉና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ኧረ እትዬ፣ ሜሮን ደህና ናት፣ ፎቶ ነው ያመጣሁት ብል ማን ይስማኝ። መርዶ ይዞ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ «ደህና ናት» ነው የሚለው። አንሶላውን ገፍፌ ፍሬሙን አሳየኋቸው። ገደል። ስልኬን አውጥቼ ሌሎቹን አሳየኋቸው። ባህር፣ ጀልባ፣ ደመና፣ እንደገና ገደል።

«እሷስ የታለች?» አሉኝ።

ስልኬን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለበጥኩ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ሜሮን ያለችበት አንድም አላገኘሁም። እኔ አገር ሳነሳ ሰው እንዲገባብኝ አልወድም። በየደረስንበት «ሜሪዬ፣ እስቲ ከፊት ዞር በይልኝ» እያልኩ ነበር የዋልኩት። ይሄን ወለል ላይ ለተቀመጠች እናት እንዴት ታስረዳለህ።

ሜሮን ጋ ደወልን፣ አታነሳም። ስራ ላይ ስትሆን ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። ደጋገምን፣ ወይ ፍንክች። የወሎዋ ጎረቤታቸው ሰዓዳ ድምፅ ሰምታ መጣች፣ አንሶላውን አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ እሷም ማልቀስ ጀመረች። ይባስ ብሎ ጋሼ መኮንን ራሳቸው ጥርጣሬ ገባቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የደበቅከን ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

ነፍሴ ልትወጣ ስትል ስልኩ ጠራ። ሜሮን ናት፣ በቪዲዮ፣ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች። ይሄ ሁሉ ሚስድ ኮል ምንድነው አለች።

እትዬ ስልኩን ከእጄ ቀሙኝ። «ተነሺና ተራመጂ» አሏት። ተራመደች። ዙሪ አሏት፣ ዞረች። ነገሩ ሲገባት በሳቅ ፈረሰች። እትዬም እያለቀሱ ይስቁ ጀመር፣ ሰዓዳም እንደዚያው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

ከዚያ ስድቡ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን ሁሉ ድንጋይ ስታነሳ ልጄ ምን በደለችህ?»

ቅዳሴው እንደሆነ አምልጦናል። ቁርስ ሳትበሉ አትወጡም ተባልን። እየበላን እትዬ መነፅራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን እንደገና አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። አንዱ ላይ ቆሙ። የተበላሸ ፎቶ ነው፣ ማጥፋት የረሳሁት። ባህሩ ራሱ ዘሟል። ጥግ ላይ ግን የሜሮን ቢጫ ጃኬት እጅጌ ይታያል፣ የኔን ቦርሳ የያዘች እጇም አለች።

በጣታቸው አስፍተው ብዙ ቆዩበት።

«ጣቷ የአባቷ ነው» አሉ። ቀጥለው «ይሄን አሳትምልኝ። ድንጋይህን ውሰድ» አሉኝ።

አሳተምኩላቸው። አሁን ሳሎናቸው የተሰቀለው እሱ ነው።

እና ኮለምበስ ያላችሁ ወዳጆቼ... ከእንግዲህ ፎቶ ላሳያችሁ ስመጣ አስቀድሜ ደውዬ፣ ከምሳ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ገና ከፓርኪንጉ እየሳቅሁ ነው የምመጣው።