አባቴ በራሱ ለቅሶ ድንኳን ምሳ የበላ ዕለት

ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ ደጃችን የቅሬ ድንኳን ተተከለ። አባዬ ደግሞ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጺሙን እየተላጨ ነበር...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባዬ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል ይባልለት ነበር። ባለፈው ክረምት ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናው ቀኝ እግሩ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ገጠመ... ፍሬን መርገጥ ግን አልቻለም።

ባለመኪናው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። «አብሽር ሰይዴ፣ ቦታህ ቦታህ ነው» አለው። በነጋታው ሌላ ሾፌር ቀጠረ።

ውል የለ። የጡረታ መዋጮ የለ። ኢንሹራንሱም ለመኪናው እንጂ ለሾፌሩ አይደለም። ባለመኪናውን ላናግረው ስሄድ «ተማርኩ ብለሽ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ተምሬ ነው! ግን የሄድኩበት ቢሮ ሁሉ «የቅጥር ውሉን አምጪ» እያለ መለሰኝ። የኔ የአስተማሪነት ደሞዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አባዬ ጡረታ መውጫው ገና ስድስት ዓመት ቀርቶታል፤ ሲደርስም የሚጠብቀው ጡረታ የለም።

የቀረኝ በር ቅሬያችን ነበር፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ።

«አንቺ አባል አይደለሽም» አለ አንዱ ከኋላ።

«መዋጮውን በየወሩ የማመጣው እኔ ነኝ። ብሩ አባል ሆኖ እኔ አልሆንም?»

ሊቀመንበሩ ጋሽ አራጋው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ ቅሬ ለሐዘን ነው። ሰይድ ደግሞ ተመስገን፣ በሕይወት አለ» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ! እና ጥፋቱ እሱ ነው? ሞቶ ይምጣላችሁ?»

ቤቱ ተንጫጫ። ያኔ እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ባለቤታቸው ወገባቸው ተጎድቶ ስድስት ዓመት ተኝተው ነው የሞቱት።

«የሞተ ለት ድስቱም ድንኳኑም መጣልኝ፤ አላህ ይስጣችሁ» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ግን በር በሩን ሳይ ነበር። ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?»

ጋሽ አራጋው መነጽራቸውን አወለቁ... ጠረጉት... መልሰው አደረጉት። «ከዛሬ ጀምሮ ሠርቶ መብላት ያቃተው አባል እንደ ሐዘንተኛ ይቆጠር። እሁድ ሁሉም የቻለውን ይዞ ሰይድ ቤት ይምጣ» አሉ። እጁን ያላወጣ አልነበረም፤ ከኋላ የተናገረኝ ሰውዬ ጭምር።

ጉዱ የመጣው እሁድ ነው። የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ይመር ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት አንድ አነፋፍ ብቻ ነው፤ የለቅሶውን። በጠዋት ጉብታው ላይ ወጥተው ነፉና «ሰይድ ሾፌሩ ቤት!» ብለው ተጣሩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ምን ይረዳ? ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። የአባዬ እህት ከሐርቡ መኪና ተኮናትራ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ስትደርስ አባዬ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ በክራንቹ ብቅ አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ማን ሞተ?»

አክስቴ ጮኸች። ከዚያ መታችው። ከዚያ አቀፈችው። አረፋው በሙሉ እሷ ላይ ቀረ።

ጋሽ ይመር ሲወቀሱ «ሞተ ብያለሁ? ሰይድ ቤት ነው ያልሁ!» ብለው ድርቅ አሉ።

ሳቃችን ሳይበርድ ባለመኪናው መንገዱ ዳር መኪናውን ሲያቆም አየነው። የመናኸሪያ ሾፌሮች መርዶ ደውለውለታል። ጋሽ አራጋው አባዬን ወደ ቤት ግባ ብለው በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ለኛ ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሰፈሩ ሁሉ ባንዴ ሐዘንተኛ ሆነ። እኔ ሻሼን እስከ ዓይኔ ሳብኩት... ሳቄ እንዳይታይ።

ባለመኪናው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ደረቱን መታ። «አሥራ ስምንት ዓመት የነዳልኝ ሰው! እኔን ብሎ ሲሠራ ነው እግሩን የተጎዳው! ወላሂ ይሄ ቤት አይራብም! ደሞዙ እንዳለ በየወሩ ይገባል፤ እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ!»

«ሰምተናል» አሉ ጋሽ አራጋው። «ሰይድ፣ አንተስ ሰማህ?»

አባዬ ግማሽ ጺሙን ብቻ እንደተላጨ ወጣ።

«ሰ... ሰይዴ? አለህ?»

«አለሁ። አብሽር፣ ቦታህ ቦታህ ነው። ተቀመጥ።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ባለመኪናው ላቡን እየጠረገ «እኔ እኮ... ሞቷል ብዬ ነው» አለ።

«ቃሉን የሰጠኸው ለሰይድ ቤት ነው» አሉ ጋሽ አራጋው። «ቤቱም ይኸው። ሰይድም ይኸው።»

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ስንት ዓመት እንደነዳለት፣ እንዴት እንደተጎዳ፣ ምን ብሎ እንደማለ... አንድም ቃል ሳልጨምር ጻፍኩ። ባለመኪናው ግራ ቀኙን አየ። መውጫው ላይ እትዬ ዘይነባ ቆመዋል። ፈረመ። ከሥሩ ምስክሮች ተሰልፈው ፈረሙ፤ እትዬ ዘይነባ ቀዳሚ ሆነው። ቢሮው ሁሉ አምጪ ያለኝ ወረቀት እኔ እጅ ገባ።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። አባዬ ድንኳኑ መሃል ተቀምጦ አንድ ጎረሰና «ለኔ ለቅሶ ነው ይሄን ወጥ የሠራችሁት? ጨው አንሶታል» አለ። አክስቴ እንደገና ልትመታው ተነሳች።

ጋሽ ይመር አሁን በሕይወት ላለ ሰው የሚሆን አዲስ አነፋፍ እየተለማመዱ ነው... እስኪዋጣላቸው ድረስ ግን፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ ነጠላ ከመዘቅዘቃችሁ በፊት እባካችሁ በሩን አንኳኩ።