ለአባቴ ጌም ስፈልግ

አባቴ ታሞ ቀኝ እጁ ከሰነፈ በኋላ፣ ሐኪሙ ጣቶቹን እንዲያሠራበት የጨርቅ ኳስ ሰጠው። አባቴ ግቢ ውስጥ ወረወረው። “ኳስ የምጨብጥ ሕፃን ነኝ?” አለ። ዕድሜውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሰ ሰው ነው። ጣቶቹ ካልሠሩ እንደዚያው ደርቀው እንደሚቀሩ ተነግሮናል።

ከዚያ ሾፌር ጎረቤታችን በኪስ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ጌም ይዞ መጣ። ጨዋታው ከዛፍ የሚወድቁ ፍሬዎችን፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫኑ በቅርጫት መቀበል ነው። አባቴ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጫን ዋለ። ሾፌሩ ጌሙን ይዞ ሲሄድ፣ “ይኼ ነገር ነገሌ አይሸጥም?” አለኝ። ከታመመ ወዲህ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያኔ ነው።

ነገሌ፣ ሻኪሶና ያቤሎ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሱቆች አሉ፤ በራቸው ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ሬዲዮ፣ ካሴት፣ ሰዓት፣ ጌምም ይሸጣሉ ይባላል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የነገሌው ሱቅ ገባሁ። እዚያ ሰው ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ “ናጋ? ሰላም ነው?” ተባብሎ ሳይጨርስ ዕቃ አይጠይቅም። እኔ ሰው ፊት መቆም ስለሚጨንቀኝ አንድ “አካም” ብዬ ወደ ጉዳዬ ሮጥኩ።

“የእጅ ጌም አላችሁ? ደረሰኝስ ትሰጣላችሁ?”

ቢበላሽ ለመመለስ ይጠቅመኛል ብዬ ነው። ባለሱቁ ሐጂ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“የለንም፣ ልጄ። ያቤሎ ወንድሜ ጋ ይኖር ይሆናል።”

ትምህርት ሲዘጋ በጭነት መኪና ጋቢና ያቤሎ ወረድኩ። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስውጥ ነው የዋልኩት። ወንድምየውንም እንደዚያው ጠየቅሁት፤ ደረሰኙንም ጨምሬ።

“ጌም የሚገኘው ነገሌ ነው” አለኝ። “ሐጂ ጋ።”

በማግስቱ ስመለስ የመኪናው ሾፌር ምን ልትሠሪ መጣሽ ብሎ ጠየቀኝና ነገርኩት። መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ።

“በሞያሌ ተደብቆ ለሚገባ ዕቃ ደረሰኝ! እቴ፣ ኮንትሮባንድ የሚይዝ ፊናንስ መስለሻቸው እኮ ነው!”

ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ኮቱን አስመጣ። ቁልፎቹን እኔ ቆለፍኩለት። እየተደገፈኝ፣ በየጥላው እያረፈ፣ ሱቁ ደረስን።

“ሽማግሌው!” አሉ ሐጂ። “ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ!”

“አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?”

ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ የሊበን ሜዳ ግጦሽ፣ የሞቱ ሰዎች። እግሬ ዛለ፤ አባቴ ግን መቀመጫ ሲሰጡት እምቢ ብሎ ቆሞ ጨረሰ። በመጨረሻ ሐጂ የተንጠለጠለውን እጁን አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጅህ ናት እንዴ? እኔ ደግሞ የመንግሥት ሰው ናት ብዬ!”

“የመንግሥት ሰውስ ናት። ደመወዝ ይከፍሏታል።”

ሐጂ እየሳቁ ከባንኮኒው ሥር፣ ከታጠፈ ሽርጥ ውስጥ ጌሙን አወጡ።

ቤት እንደደረስን አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጀመረ። በግራ በኩል የሚወድቀውን ፍሬ ሁሉ ያዘ። በቀኝ በኩል ያለው ግን እያመለጠ መሬት ላይ ይፈርጣል። የቀኝ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተኝቷል እንጂ አይጫንም። ከጎረቤታችን ጌም ጋር በዋለበት ዕለትም እንደዚሁ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ያን ዕለት ፊቱን እንጂ ጣቱን አላየሁም።

የማርመው የተማሪዎች ፈተና ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። ዓይኔ እየተከደነ ነበር።

“ነይማ” አለኝ፣ ዓይኑን ከጌሙ ሳያነሳ። “በቀኝ በኩል ያለውን አንቺ ያዢልኝ።”

አጠገቡ ተቀመጥኩና አውራ ጣቴን በጣቱ ላይ አድርጌ ተጫንኩ።